ያገለገለ ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ-አር ሞተር ሳይክል ለገዛ ሰው፣ የፊት ፍሬኑ ሪኮል አሁንም ይሠራል ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

ባለ750 (አትላንታ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። የ2007 ሞዴል ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ-አር 750 ከግለሰብ ገዝቼ ስሙን ወደ ራሴ በማዞር ላይ ነኝ። ሞተሩ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ ሦስት ባለቤት ቀይሯል። ሻጩ በጨዋታ መሀል፣ ስለ ፊት ፍሬኑ ከኩባንያው ደብዳቤ መጥቶ እንደነበር ከቀድሞው ባለቤት መስማቱን ነገረኝ፤ ጥገናው ተደርጎ ከሆነ ግን በእጁ ምንም ማስረጃ የለም። እኔ ስሞክረው ፍሬኑ ጥሩ ይይዛል፣ ቅሬታም የለኝም። የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ይህን ያህል ዓመት ያስቆጠረ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስጠገን የሚያወጣው ጥሪ፣ ለአራተኛው ባለቤት ይሠራል ወይ? ይከፈልበታል? ቀደም ብሎ ተሠርቶ ከሆነስ በምን አውቃለሁ? እስከዚያውስ እየነዳሁት ብቆይ ምን ችግር አለው?

የጋራዡ ሰው (ዳላስ)

የእርስዎ ሞተር ጥሪው ከሚመለከታቸው አንዱ ነው። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ያወጣው ሪኮል ከ2004 እስከ 2013 ያሉትን የጂ.ኤስ.ኤክስ-አር 600 እና 750 ሞዴሎች፣ እንዲሁም ከ2005 እስከ 2013 ያሉትን የ1000 ሞዴሎች የሚያጠቃልል ሲሆን፣ በአሜሪካ ብቻ 210 ሺህ ያህል ሞተሮችን ይነካል። ስለዚህ ዛሬ በገበያ ላይ የሚዞር የዚያ ዘመን ጂ.ኤስ.ኤክስ-አር ሁሉ፣ ጥገናው መደረጉ እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳልተደረገለት መቁጠር ይሻላል።

ችግሩ ያለው በቀኝ እጅ በኩል፣ የፊት ፍሬኑን ሌቨር ስንጨብጥ ዘይቱን ወደ ታች በሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ነው። የፍሬን ዘይት በባሕርይው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሳይቀየር ብዙ ጊዜ ሲቆይ በውስጡ ያለው ውኃ እየበዛ ይሄዳል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ደግሞ በማስተሩ ውስጥ የሚንሸራተተው ፒስተን የገጽታ ሽፋኑ በሁሉም ላይ ወጥ ሆኖ ስላልተሠራ፣ ያረጀው ዘይት ፒስተኑን ማዛግ ይጀምራል። ዝገቱ ጋዝ ይፈጥራል። ጋዝ ቢፈጠርም እንኳ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ወጥቶ ቢያልቅ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን የዘይቱ መመለሻ ቀዳዳ በሲሊንደሩ ጎን ላይ ስለተቀመጠ ጋዙ ከላይ ታፍኖ ይቀራል። ፈሳሽ ተጨምቆ አይጠብም፣ ጋዝ ግን ይጠባል። በዚህ ምክንያት ሌቨሩን ሲጨብጡ ጉልበትዎ ጎማውን ማቆሙ ቀርቶ ጋዙን በመጭመቅ ያልቃል፤ ሌቨሩም እየሰመጠ እስከ መሪው መያዣ ድረስ ሊመጣ ይችላል።

በምልክት ረገድ አንድ ነገር ላክል። ሞተሩ ሌሊት ቆሞ አድሮ ጠዋት ሌቨሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨብጡት ለስለስ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት የሚጠነክር ከሆነ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር ወይም ጋዝ አለ ማለት ነው። በተቃራኒው ግን ሌቨሩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ፒስተኑ ደህና ነው ተብሎ አይደመደምም፤ ፒስተኑ የሚታየው ማስተሩ ሲፈታ ነው።

መፍትሔው የማስተር ሲሊንደሩን በተሻሻለ አዲስ መተካት ነው፤ ይህንንም የሱዙኪ ነጋዴዎች ያለ ክፍያ ያደርጋሉ። ሪኮል ሞተሩን እንጂ ባለቤቱን አይከተልም። ዋስትና ጊዜው ሲያልፍ ያልፋል፣ የአገልግሎት ደብተርም ይጠየቅበታል፤ ሪኮል ግን ሞተሩን ማን እንደገዛው፣ ስንተኛ እጅ እንደሆነ፣ ቀድሞ የት ይጠገን እንደነበር አይጠይቅም።

ምሕረት ዘሜሪላንድ

የጋራዡ ሰው ያሉት ትክክል ነው፤ የዓመቱን ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚያምታታው ላብራራው። በአሜሪካ ሕግ አምራቹ በነጻ እንዲጠግን የሚገደደው፣ ተሽከርካሪው ለመጀመሪያው ገዢ ከተሸጠበት ቀን አንስቶ ጥሪው እስከወጣበት ቀን ድረስ 15 ዓመት ካልሞላው ነው። ከ2015 በፊት ይህ ገደብ 10 ዓመት ነበር። ቆጠራው ጥሪው በወጣበት ቀን ይቆማል፤ እርስዎ ሞተሩን ለጥገና ባቀረቡበት ቀን አይደለም። የ2007 ሞዴል በ2013 ሲጠራ ከየትኛውም ገደብ በታች ስለነበር፣ ዛሬ ሞተሩ ስላረጀ ብቻ መብቱ አይቀርም። «ሞተርህ ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነው አይመለከትህም» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥምዎ ሕጉን በተሳሳተ መንገድ እያነበበ ነው።

ተሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ የሻሲ ቁጥሩን በብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ይህ መሥሪያ ቤት በአጭሩ ኤን.ኤች.ቲ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ነው። ፍለጋው ባለፉት 15 ዓመታት የወጡ ጥሪዎችን ያሳያል፤ የሚያሳየውም ያልተጠገኑትን ብቻ ነው። ስለዚህ «ያልተሠራ ጥሪ የለም» የሚል መልስ ቢወጣ፣ ወይ ለዚያ ቁጥር ጥሪ አልወጣም ወይ ጥገናው ተሠርቶ ተመዝግቧል ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ወደ ሱዙኪ ነጋዴ ደውለው የዚያን ሻሲ የጥገና መዝገብ እንዲያዩልዎ ይጠይቁ፤ በስልክም ይነግራሉ።

ባለ750 (አትላንታ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የሻሲ ቁጥሩ በታይትሉ (በባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ አለ፤ ነገር ግን በእጅ የተጻፈ ቅጂ ስለሆነ አንዳንዱ ፊደል አይለይም። ሞተሩ ላይ የት ነው የሚገኘው?

የጋራዡ ሰው (ዳላስ)

መሪው ከሻሲው ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ተቀርጿል። መሪውን ወደ አንድ ጎን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ቅባትና አቧራውን በጨርቅ ጠርገው፣ የስልክዎን መብራት ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያብሩበት፤ ቁርጹ ጥላ ሲጥል ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ፎቶ ያንሱት። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ በሻሲ ቁጥር ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም፤ ስለዚህ ክብ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ዜሮ ነው። በታይትሉና በሻሲው መካከል ልዩነት ካገኙ ግን ነገሩ የሪኮል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ጣጣ ስለሆነ፣ ስሙን ከማዞርዎ በፊት ይጣራ።

ዮናስ ቢ. (ሲያትል)

በአክብሮት አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለ750 ፍሬኑ ይይዛል ብለዋል። ጥሪው የወጣው ከአሥር ዓመት በፊት ነው፤ እስካሁን ምንም ካልሆነ ሞተሩን ከማቆም ይልቅ እየነዱ ቀጠሮ መጠበቅ ይሻል ይመስለኛል። ነጋዴዎቹ ቀጠሮ ቶሎ አይሰጡም፤ የመንጃ ወቅቱም አጭር ነው።

የጋራዡ ሰው (ዳላስ)

ወንድሜ ዮናስ፣ የወቅቱን ማጠር አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልስማማም። የሞተር ሳይክል የማቆም ጉልበት አብዛኛው የሚመጣው ከፊት ፍሬን ነው። በተለይ ጂ.ኤስ.ኤክስ-አርን በመሰሉ ሞተሮች ላይ በኃይል ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ፣ የኋላው ጎማ መሬቱን በደንብ ሳይጫን ይቀራል፤ የእግር ፍሬኑ ብቻውን የሚረዳው በዝግታ ለሚሄድ ሰው ነው። መኪና ላይ ፍሬን ሲደክም ነጂው ቆርቆሮ ከቦታል፣ ቀበቶም አስሯል። እዚህ ግን ያለው ሄልሜትና ጃኬት ነው።

ደግሞም «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ለዚህ ዓይነት ብልሽት አይሠራም። ዝገቱ የሚባባሰው በዕድሜና ባረጀ ዘይት ስለሆነ፣ ያልተጠገነ ሞተር ዛሬ በ2013 ከነበረበት ይልቅ ለአደጋው ይቀርባል። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ዘይቱን መቼ እንደቀየሩ ባለ750 አያውቁም። ስለዚህ ምክሬ፣ ቁጥሩ ያልተጠገነ ሆኖ ከወጣ ሞተሩን በጭነት መኪና ወይም በተጎታች ወደ ነጋዴው መውሰድ ነው።

ሕግ አጥኚዋ (ክላርክስተን)

ባለ750 የሚኖሩት አትላንታ ስለሆነ፣ በዚሁ በጆርጂያ የተፈረደ አንድ ጉዳይ ላካፍላችሁ፤ ነገሩ በቀጥታ ይህንኑ ሞተርና ይህንኑ ክፍል ይመለከታል። በኦገስት 2013 አንድ የጂ.ኤስ.ኤክስ-አር ነጂ የፊት ፍሬኑ በድንገት አልይዝ ብሎት ክፉኛ ተጎዳ። ሱዙኪ ጥሪውን ያወጣው ከዚያ በኋላ፣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ተጎጂውና ሚስቱ ከስሰው፣ ዳኞቹ ለእሱ 10.5 ሚሊዮን፣ ለሚስቱ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። ሆኖም በክርክሩ ወቅት ነጂው ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ ለስምንት ዓመት የፍሬን ዘይቱን አንድም ጊዜ አለመቀየሩን አምኗል፤ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ግን በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ያዛል። ስለዚህ ዳኞቹ ጥፋቱን ሲያከፋፍሉ 49 በመቶውን በነጂው፣ 51 በመቶውን በሁለቱ የሱዙኪ ኩባንያዎች ላይ ጣሉ። 12.5 ሚሊዮኑም ወደ 6.375 ሚሊዮን ወረደ።

ነጂው፣ ጉድለት ያለበት ምርት የሠራ ኩባንያ ሙሉ ኃላፊነት ሊወስድ ይገባል፣ ካሳውም በእኔ ቸልተኝነት ሊቀነስ አይገባም ብሎ እስከ ጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2020 በሰጠው ውሳኔ ክርክሩን አልተቀበለውም፤ ጥፋትን እንደየድርሻው የማከፋፈሉ ሕግ ለምርት ጉድለት ክሶችም ይሠራል አለ። በጆርጂያ ሕግ ደግሞ የከሳሹ የጥፋት ድርሻ 50 በመቶ ከደረሰ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ዳኞቹ በአንድ ነጥብ ከፍ አድርገውበት ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ዮናስ ቢ. (ሲያትል)

ይህ ፍርድ ሚዛናዊ አይመስለኝም። ዕቃውን አበላሽቶ የሠራው ኩባንያው ነው፤ ዘይቱ ያረጀበት ሞተር ሁሉ ፍሬኑ አይጠፋም። ነጂው ይህን ያህል ድርሻ እንዴት ይሸከማል?

ሕግ አጥኚዋ (ክላርክስተን)

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም 49 የሚለውን ቁጥር ሳየው በዝቶብኛል። ነገር ግን የጉድለቱን አሠራር የጋራዡ ሰው እንደገለጹት ብንወስደው፣ ሦስት ነገሮች ካልተገናኙ ጋዙ ታፍኖ አይቀርም፦ ያረጀ ዘይት፣ ሽፋኑ ወጥ ያልሆነ ፒስተንና የመመለሻ ቀዳዳው አቀማመጥ። ሁለቱ የኩባንያው ናቸው፣ አንዱ የባለቤቱ ነው። ዳኞቹም ይህንኑ በቁጥር አስቀመጡት። ከፍርዱ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ተግባራዊው ጎን ነው። ዛሬ ጥሪው በይፋ ከታወጀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥሪውን እያወቀ ሳያስጠግን የነዳ ሰው ነገ ቢጎዳና ቢከስ፣ ተከራካሪው ወገን መጀመሪያ የሚያነሣበት ይህንኑ ነው። ባለ750 ደግሞ በዚህ ክር ላይ መጠየቃቸው ራሱ ማወቃቸውን ያሳያል።

ሰሎሞን ዘዴንቨር

የጥገና ጉድለትን ምክንያት አድርገው አምራቾች ሁልጊዜ ያመልጣሉ ማለት ግን አይደለም። ሃርሊ ዴቪድሰን በፌብሩዋሪ 2018 ከ2008 እስከ 2011 ያሉ ኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) የተገጠመላቸውን ሞተሮች ጠርቷል፤ በአሜሪካ ብቻ 175 ሺህ ገደማ ነበሩ። እዚያም የነገሩ ሥር የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ በኤ.ቢ.ኤስ. መቆጣጠሪያው ቫልቮች ላይ ዝቃጭ ይከማችና ፍሬኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጠፋ ይችላል። የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ምርመራውን የጀመረው በጁላይ 2016 ሲሆን፣ በእጁ የነበሩት 43 አቤቱታዎችና ሦስት ግጭቶች ነበሩ። «መመሪያውን ስላልተከተሉ ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ይቻል ነበር፤ ሆኖም መጨረሻው ሪኮል ሆነ። ባለቤቶች ዘይት መቀየር እንደሚዘነጉ እየታወቀ፣ ለዚያ መዘንጋት ቅጣቱ የፍሬን መጥፋት መሆን የለበትም፤ እኔ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው።

ልብ በሉ፤ ያ ምርመራ የተከፈተው ባለቤቶች ተቀምጠው በጻፏቸው 43 አቤቱታዎች ነው። ፍሬናችሁ ያለ ምክንያት ሲለሰልስ ለመካኒክ ብቻ ነግራችሁ አትተዉት፤ ለዚያ መሥሪያ ቤትም ጻፉ። ቅጹን መሙላት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ባለ750 (አትላንታ)

ቁጥሩን አስገባሁ። የፊት ፍሬኑ ጥሪ ያልተሠራ ሆኖ ወጣ። ሞተሩን አቁሜዋለሁ። ለሁለት ነጋዴዎች ደውዬ፣ የመጀመሪያው ዕቃው በእጁ ስለሌለ ተራ እንድጠብቅ ነገረኝ። ሁለተኛው ደግሞ ጥገናው ነጻ ነው፣ ነገር ግን ሞተሩ ከእነሱ ስላልተገዛ «የምርመራ» ክፍያ አለው አለኝ። ይህ አግባብ ነው?

ምሕረት ዘሜሪላንድ

አግባብ አይደለም። ሪኮልን ለማስጠገን ሞተሩን ከዚያ ነጋዴ መግዛት አያስፈልግም፤ ጥሪው በሻሲ ቁጥሩ ላይ ያልተሠራ ሆኖ ተመዝግቦ እያለ ደግሞ ጉድለቱ መኖሩን ለማጣራት ተብሎ ደንበኛውን ማስከፈል ቦታ የለውም። ክፍያው በወረቀት እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ሲጠየቅ ክፍያው ይቀራል። ካልቀረ፣ ለሱዙኪ አሜሪካ የደንበኞች አገልግሎት ደውለው የሻሲ ቁጥሩን፣ የነጋዴውን ስምና የተነገረዎትን ይንገሯቸው፣ የተመዘገበበትንም ቁጥር ይቀበሉ። ከዚያም አልፎ ካልተፈታ ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ያቅርቡ።

ዕቃ የለም የሚለውን በተመለከተ፣ ሕጉ ጥገናው በተገቢ ጊዜ ውስጥ እንዲደረግ ያዛል፤ ተሽከርካሪው ከቀረበ በ60 ቀን ውስጥ በአግባቡ ካልተጠገነም ያ መዘግየት በራሱ የተገቢ ጊዜ ማለፍ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። እዚህ ላይ «ከቀረበ» የሚለው ቁም ነገር አለው፤ በስልክ መጠየቅ ማቅረብ አይደለም። ስለዚህ የቀጠሮውን ቀን የያዘ የሥራ ትዕዛዝ ወረቀት እንዲሰጡዎ ያድርጉ። ቀድሞ የነበረ ባለቤት ይህንኑ ጥገና በገንዘቡ አሠርቶ ቢሆን ኖሮም ደረሰኙን ይዞ እንዲመለስለት የሚጠይቅበት አሠራር አለ፤ ለእርስዎ አይሆንም እንጂ ሌላ አንባቢ ሊጠቅመው ይችላል።

የጋራዡ ሰው (ዳላስ)

ሞተሩን ሲረከቡም ዝም ብለው ቁልፍ ተቀብለው አይሂዱ። አሮጌው ማስተር ወጥቶ አዲሱ መግባቱ በሥራ ትዕዛዙ ላይ የጥሪው ቁጥር ተጠቅሶ ይጻፍ። ማስተር ሲቀየር ዘይቱ የግድ ስለሚፈስ በአዲስ ይሞላል፤ ዘይቱን እዚያው በዓይንዎ ይዩት። አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ነጣ ያለ ማር ይመስላል፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚያዩት የጠቆረ ከሆነ ሥራው አልተጠናቀቀም። ከዚያ ሞተሩ እንደቆመ ሌቨሩን አጥብቀው ጨብጠው ጥቂት ያቆዩት። ቀስ እያለ ወደ መሪው መያዣ የሚሰምጥ ከሆነ ከግቢው አይውጡ። ካልሰመጠም መጀመሪያ መኪና በማይበዛበት ቦታ በዝግታ እየነዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ያቁሙት።

ይህ ጥገና ከተደረገ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ዘይት መቀየሩ አይቀርም። አዲሱ ማስተር ጋዝ እንዳይታፈን ይረዳል እንጂ ዘይቱን ከእርጥበት አያድነውም። ዶት 4 ደረቅ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በመስፈርቱ መሠረት እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱን በቤታችሁ የምትቀይሩ ካላችሁ ካልተከፈተ ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ ቀለም ስለሚበላ ሰልባትዮውን በጨርቅ ሸፍኑት።

እናቱን ጠባቂ (ሚኒያፖሊስ)

ስለ ደብዳቤው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ወገኖቻችን ከአምራች የሚመጣውን ደብዳቤ «ጃንክ ሜይል ነው» ብለው ይጥላሉ። ሊፈረድባቸውም አይችልም፤ የዋስትና ማራዘሚያ እንሸጣለን የሚሉ አጭበርባሪዎች ፖስታ ሳጥናችንን አጥለቅልቀውታል። እውነተኛው የሪኮል ደብዳቤ በፖስታው ላይ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱና የደህንነት አስተዳደሩ ምልክት ያለበት መለያ ይታተምበታል፤ ገንዘብም፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርም አይጠይቅም። ጥርጣሬ ካደረባችሁ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ የሻሲ ቁጥሩን ራሳችሁ በድረ ገጹ አስገቡ። አምራቾች የባለቤቶችን አድራሻ የሚያገኙት ከክፍለ ግዛቶች የተሽከርካሪ ምዝገባ ስለሆነ፣ ሞተር ገዝቶ በቀድሞው ባለቤት ስም እያሽከረከረ የሚቆይ ሰው ደብዳቤ ሊደርሰው አይችልም።

ፍቅርተ ከፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመን ነገሩ ጠበቅ ይላል። ከባድ የደህንነት ጥሪ ሲሆን የፌዴራሉ የሞተር ተሽከርካሪ ባለሥልጣን በመዝገቡ ያለውን የባለቤቱን አድራሻ ስለሚጠቀም ደብዳቤው በቀጥታ ቤት ይመጣል፤ ደጋግሞ ተጠይቆ ያላስጠገነ ሰው ደግሞ የአካባቢው የምዝገባ ቢሮ ተሽከርካሪውን መንገድ ላይ እንዳያወጣ ሊከለክለው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ግዴታ በባለቤቱ ላይ ባለመኖሩ፣ ሳይጠገኑ የሚዞሩት ሞተሮች ብዛት አይደንቀኝም።

ሐዋሳዊው

እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነው። ዘመዴ ከውጭ የገባ ያገለገለ ጂ.ኤስ.ኤክስ-አር 600 ገዝቷል፤ ሊብሬው ላይ የ2008 ሞዴል ይላል። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አሳስቦኛል። እኛ ጋ ደብዳቤ የሚልክ የለም። ምን ማድረግ ይችላል?

የጋራዡ ሰው (ዳላስ)

መጀመሪያ የሻሲ ቁጥሩን ይቁጠሩት። 17 ከሆነ ሞተሩ በዚያ ዓይነት ቁጥር ከሚመዘገብበት አገር የመጣ ነው፤ ከአሜሪካ የወጣ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካው ድረ ገጽ ላይ ጥሪው ተሠርቶ እንደሆነ ከሐዋሳም ሆኖ ማየት ይቻላል። ከጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የወጣ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከዚያ ያጠረ ስለሆነ የአሜሪካው ፍለጋ አያውቀውም። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩን በፎቶ ይዞ አዲስ አበባ ወዳለው የአምራቹ ወኪል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ወኪሉ የማይሠራው ከሆነ ዘመድዎ የተሻሻለውን ማስተር በክፍል ቁጥሩ አዝዞ ማስገጠም ይኖርበታል፤ በዚህ ጊዜ ወጪው የራሱ ነው። ሞተር ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለመላክ የምታስቡ ወገኖችም፣ ጥገናው ነጻ ሆኖ ሳለ ከመርከብ በፊት አስጨርሱት።

ሐዋሳዊው

አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። እዚህ ያሉት መካኒኮች በአብዛኛው የሚያውቁት ታምቡር ፍሬን ያላቸውን፣ በሽቦ የሚሠሩትን ሞተሮች ነው። የዲስክ ፍሬን ዘይት ሲጎድል ያገኙትን ዘይት የሚጨምሩም አይቻለሁ። ዕቃው እስኪመጣ ምን ያድርግ?

የጋራዡ ሰው (ዳላስ)

ያገኙትን ዘይት የሚጨምር ሰው ፍሬኑን አያስነካ። የሞተር ዘይት ከገባ የውስጡ ጎሚኒዎች ያብጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ማጠብ አይመልሰውም፤ ማስተሩም ካሊፐሩም (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ይቀየራል። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የትኛው ዘይት እንደሚገባ ተጽፏል፤ ዶት 4 ካለ የታሸገ ዶት 4 ከአዲስ አበባ ያስመጣ። ዶት 5 የሚለው ሲሊኮን ስለሆነ ስሙ ቢቀራረብም አይገባም።

ዕቃው እስኪመጣ ሞተሩ ቢቆም ይሻላል። ሰዎች «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» ይላሉ፤ የአገራችን መንገድ ግን ቀስ ላለም አይራራም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ ፍሬን ተይዞ ረጅም ሲወረድ ምን ያህል እንደሚግል አይጠፋውም፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት እዚያ ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ ደግሞ እንፋሎቱ ከዝገቱ ጋዝ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ዘመድዎ የሻሲውን ፎቶ ከላኩልን ቁጥሩን እዚህ አስገብቼ የወጣውን እነግርዎታለሁ፤ ፎቶው በአደባባይ እንዳይወጣ ግን በክሩ ላይ ሳይሆን በግል መልእክት ይላክልኝ።